በሽታውን ያለፈችበት ብትነግራት

ውድ እህቶቻችን፣ በሰላሕ አድ-ዲን በሰው ቤት የምትሠሩ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ሐፍረቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ምርመራን የሚያዘገየው አንዱ እርሱ ነው።

አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ከፈተ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ያስመርር ነበር። አብረው ሲጠብቁ የቆየችው ለአዲሷ ብዙ ልትነግራት ትችላለች፦ ከውጭ የሚሰጠው ጨረር በሚሰጥበት ሰዓት እንደማያም፣ ድካምና ተቅማጥ ግን በኋላ ሊመጣ እንደሚችል፣ ስለ ፈሳሹ ሽታም ሐኪሙን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው «ከማን አመጣሽው?» የሚለው ነው። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ካንሰር እስኪሆን ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በትዳሯ የታመነችም ትታመማለች። ጣት መቀሰር ከንቱ ነው።

ከወር አበባ ውጪ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ ኮንትራቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በአቼቶ በሚደረገው ምርመራ ነጭ ሆኖ ታየ ማለትም ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ቅድመ ካንሰር ከሆነ በቅዝቃዜ ሊታከም ይችላል። ለማዳም ለመናገር የፈራችውን፣ ያለፈችበት እህት አብራት ትሂድ።

አገር ቤት ሴት ልጅ ያላችሁም ስትደውሉ ስለ ክትባቱ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይሰጣል።