ደምፕስተሩ ከመምጣቱ በፊት፦ ስለ ግንባታ ብክነት ተረትና እውነታ

ከዴንቨር ጎን ባለችው የኮሎራዶዋ ኦሮራ ብዙ ቤቶች ቤዝመንታቸው ሳይጨረስ ይሸጣሉ። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያጠራቅም ክፍል ያወጣበታል። ሥራው ሲጋመስ ግን ደጃፍ ላይ የቆመው ደምፕስተር በድራይዎል ቁርጥራጭና በእንጨት ጉማጅ ይሞላል። ያ ሁሉ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ለማስወገዱም እንደገና ይከፈልበታል። ስለ መንስኤው የሚነገረው አብዛኛው ነገር ደግሞ ልክ አይደለም።

ተረት 1፦ ብክነት የሠራተኛ ግዴለሽነት ነው

እውነታ፦ ግዴለሽ ሠራተኛ ያባክናል፤ ብዙው ብክነት ግን የሚወሰነው ንድፉ ላይ ነው። የተለመደው ድራይዎል ወርዱ 4 ጫማ ነው። 8 ጫማ ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለቱ አግድም ሲደረደሩ ልክ ይገጥማሉ። ግድግዳው 9 ጫማ ሲሆን ግን የ1 ጫማ ክፍተት ይቀርና እሱን ለመሙላት ሌላ ድራይዎል ይሰነጠቃል። ለዚሁ ከፍታ ተብሎ የሚሠራ ወርዱ 54 ኢንች የሆነ ድራይዎል አለ፤ ሁለቱ 9 ጫማውን ይሞሉታል። ይህን ሳያጣራ ያዘዘ ሰው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ባለሙያ ቢቀጥር ከቁርጥራጩ አያመልጥም።

ተረት 2፦ በሁሉም ነገር ላይ 10 በመቶ ጨምሮ ማዘዝ ነው

እውነታ፦ ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ለሁሉም ዕቃ ግን እኩል አይደለም። በሰያፍ የሚነጠፍ ሴራሚክ ቀጥ ብሎ ከሚነጠፈው የበለጠ ይቆረጣል። በግምት የተጨመረ መቶኛ የልኬት ስሕተትን ይሸፍናል እንጂ አያርምም። የሚሻለው ክፍል በክፍል ለክቶ የቁርጥ ዝርዝር ማውጣት ነው፦ የትኛው ርዝመት ከየትኛው እንጨት እንደሚወጣ፣ የተረፈው ጉማጅም የት እንደሚገባ አስቀድሞ መጻፍ።

ተረት 3፦ ደምፕስተር ውስጥ ያልገባ ዕቃ አልባከነም

እውነታ፦ ከወለል በታች የሚቀበር ብክነት አለ። ርዝመቱና ወርዱ 20 ጫማ የሆነ ጋራዥ ወለሉ 4 ኢንች ውፍረት እንዲኖረው ቢታሰብ ወደ 5 ኪዩቢክ ያርድ ኮንክሪት ይበቃዋል። አፈሩ በደንብ ሳይስተካከል ቀርቶ በአማካይ 1 ኢንች ዝቅ ካለ ግን ከ6 ያርድ በላይ ይጠጣል። ልዩነቱ ከ2 ቶን በላይ ኮንክሪት ነው። ማንም አያየውም፤ ሒሳቡ ላይ ግን አለ። መድኃኒቱ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ደረጃውን መለካትና አፈሩን መደልደል ነው።

ተረት 4፦ ዕቃ ቀድሞ ከገባ ሥራ አይቆምም

እውነታ፦ የዴንቨር አየር ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። እርጥበቱ ሳይወጣ የመጣ ቱ ባይ ፎር ሜዳ ላይ ለሳምንታት ከተተወ ይጣመማል፤ የተጣመመውም ለግድግዳ አይሆንም። ድራይዎል ደግሞ በረዶና ዝናብ ካገኘው አለቀለት። ዕቃው እንደ ሥራው ቅደም ተከተል በየተራ ይግባ፤ የገባውም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ተሸፍኖና ታስሮ ይቀመጥ።

ተረት 5፦ ፍርስራሽ ከመጣል በቀር ፋይዳ የለውም

እውነታ፦ የዴንቨሩ ስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ በ1995 ሲዘጋ የቀረው ሰፊ የኮንክሪት ሜዳ ነበር። ከዚያ ወደ 6.5 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ኮንክሪትና አስፋልት ተፈጭቶ ለመንገድ መሠረትና ለመሳሰሉት ሥራዎች ውሏል። ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር የቆመው እዚያው ላይ ነው። ይህ የተቻለው ፍርስራሹ ገና ሲታቀድ እንደ ግብዓት ስለተቆጠረ ነው።

የዴንቨር መራጮችም በኅዳር 2022 ባጸደቁት ሕግ ገንቢዎችና አፍራሾች ኮንክሪት፣ አስፋልት፣ ንጹሕ እንጨት፣ ቁርጥራጭ ብረትና ካርቶን ለይተው መልሰው ጥቅም ላይ እንዲያውሉ ወስነዋል። ዝርዝሩ ሊሻሻል ስለሚችል ፈቃድ ስታወጡ ጠይቁ። ኦሮራ ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች ይህ ሕግ አይገዛትም። ሆኖም የዴንቨር ንብረት የሆነው ትልቁ የቆሻሻ መቅበሪያ ያለው ኦሮራ ውስጥ ነው። ዴንቨር ላይ የተቆረጠው የሚያርፈው ልጆቻችን በሚያድጉበት ከተማ ነው ማለት ነው።

ተረት 6፦ ሪሳይክል ካደረግን ችግሩ ተፈታ

እውነታ፦ መለየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ስለ ብክነት ማሰብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለፋብሪካው፣ ለማጓጓዣውና ለጉልበቱ የወጣው ገንዘብ በሪሳይክል አይመለስም። ያልታዘዘ ትርፍ ዕቃ ግን መለየትም፣ መጫንም፣ መቅበርም አይፈልግም።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አናጢውን፣ ድራይዎል ሠሪውንና ሴራሚክ አንጣፊውን ንድፉ ፊት በአንድነት አስቀምጧቸው። እያንዳንዳቸውን "እዚህ ላይ ምን ይተርፍሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው አንድን ግድግዳ ጥቂት ኢንች የሚያስጠጋ ወይም ሌላ ልክ የሚያሳዝዝ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ ማስተካከሉ እርሳስና ላጲስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።