«ኃይል» የሚለው ቃል በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መመሪያ

የአንድ ሙያዊ ስያሜ ትክክለኛነት የሚመዘነው አንባቢው በስያሜው ተመርቶ በሚፈጽመው ተግባር ነው። ለዚህ አነጋገር የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መመሪያ ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። ከጋራ መኖሪያ ሕንፃ አንድ ቤት ደርሶት አዲስ ዕቃ የሚያስገባ ሰው፣ ዕቃውን ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። ይኸውም፦ መሥመሩ ለዕቃው ይስማማልን? መሥመሩ ዕቃውን ይችለዋልን? ዕቃውስ ምን ያህል ይፈጃል? የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በሦስት ልዩ ልዩ መለኪያዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ በአማርኛ አጻጻፋችን ግን ሦስቱም «ኃይል» በሚል አንድ ቃል ሲጠቃለሉ እናያለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መደባለቁ ከየት እንደመጣ፣ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና እንዴት ሊታረም እንደሚችል ማስረዳት ነው።

1. የዕለት ተዕለቱ አነጋገር

ሕዝቡ ኤሌክትሪክን የሚጠራው በሦስት ቃላት ነው። የመጀመሪያው «መብራት» ነው። «መብራት ጠፋ»፣ «የመብራት ቆጣሪ»፣ «የመብራት ሒሳብ» ሲባል ከአገልግሎቶቹ አንዱ የሁሉም መጠሪያ ሆኗል። ሁለተኛው «ኮረንቲ» ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የመነሻ ትርጉሙ ወራጅ ወይም ፍሰት ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ኮረንቲ ያዘው» እንደሚባለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው አደጋውን ነው። ሦስተኛው «ኃይል» ነው፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሚከተሉትን ሦስት ሐረጎች እንመልከት። «የኃይል ማመንጫ» ስንል ስለ ጠቅላላው የኤሌክትሪክ ምንጭ እንናገራለን። «ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መሥመር» ስንል ግን ከፍተኛ የሆነው ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጁ ከፍ እንዲል የሚደረገውም ያው ዋት በአነስተኛ ፍሰት እንዲጓጓዝና በመንገድ የሚባክነው እንዲቀንስ ነው። «ኃይል ቆጣቢ አምፖል» ስንል ደግሞ የሚቆጠበው በቆጣሪ ተለክቶ የሚከፈልበት ፍጆታ ነው። አንዱ ቃል በሦስቱም ሐረጎች ውስጥ በሦስት ትርጉም ገብቷል። በተራ ንግግር ዐውዱ ስለሚያቃናው ጉዳት የለውም። በዕቃ መመሪያ ላይ ግን «ኃይሉ ከቤትዎ ኃይል ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው የትኛውን ቍጥር ከየትኛው ጋር እንደሚያስተያይ አያውቅም።

2. ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች፣ ሦስት ግሦች

ሀ) ቮልቴጅ፦ በቮልት ይለካል። በውኃ መሥመር ብንመስለው ግፊቱ ነው። በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራጨው 220 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። ወደ ሕንፃ የሚገባ ባለ ሦስት ፌዝ መሥመር በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት ሲኖረው፣ በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል ግን 220 ቮልት ይሆናል። ለአንድ መኖሪያ በተለምዶ የሚደርሰው አንዱ ፌዝ ነው። ለቮልቴጅ የሚገባው ግሥ «ይስማማል» ነው። «እኩል ይሆናል» ማለት ይጠብቃል፤ 220–240 ቮልት የሚል ዕቃ ለ220 ቮልት መሥመር ተስማሚ ነውና።

ለ) የኤሌክትሪክ ፍሰት፦ በአምፔር ይለካል። ሽቦው፣ ሶኬቱና ብሬከሩ የሚፈርዱት በዚህ ነው። ግሡም «አይለፍ» ወይም «አይብለጥ» ነው። ብሬከር ላይ የተጻፈው 16 አምፔር የፍሰቱ ወሰን ነው እንጂ የፍጆታ መጠን አይደለም።

ሐ) የኃይል መጠን፦ በዋት ይለካል፤ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ዋቱ በሰዓት ሲባዛ በኪሎ ዋት ሰዓት የሚቆጠረውን ፍጆታ ይሰጣል። የፍጆታ ግሡ «ይቆጠራል» ነው።

እንግዲህ የሚስማማው፣ የማያልፈውና የሚቆጠረው ተለይተው ይታወቃሉ ማለት ነው። ተርጓሚው ስያሜውን ከተገቢው ግሥ ጋር ቢያጣምር፣ ፊዚክስ ያልተማረ አንባቢ እንኳ የሚያደርገውን ያውቃል።

3. መደባለቁ የሚያስከትለው ጉዳት

በመጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣ የቡና ማፍያን እንውሰድ። ጽሑፉ 120 ቮልት፣ 1000 ዋት ይላል እንበል። ይህን ማፍያ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው ቮልቴጁን ከእጥፍ በታች ቢያሳድገውም፣ የማሞቂያው ሽቦ የሚስበው ዋት ግን የቮልቴጁን ካሬ ተከትሎ ወደ 3360 ገደማ ይደርሳል፤ ሽቦውም ይቃጠላል። ባለቤቱ ዝቅ አድራጊ ትራንስፎርመር ቢገዛ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይነሣል። ትራንስፎርመሩ 500 ዋት ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ቮልቴጁ ቢስማማም ጭነቱን አይችለውም። መመሪያው «ተስማሚ ኃይል ያለው ትራንስፎርመር» ብቻ ካለ ገዥው አንዱን አሟልቶ ሌላውን ይተዋል።

ትራንስፎርመር ድግግሞሽን አይለውጥም። በአሜሪካም ሆነ በሳውዲ ዐረቢያ መሥመሩ 60 ኸርዝ ነው። የሚሽከረከርበትን ፍጥነት ከመሥመሩ ድግግሞሽ የሚወስድና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሰዓት በ50 ኸርዝ መሥመር በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ «ድግግሞሽ» በመመሪያው ላይ የራሱ መሥመር ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ የእንጀራ ምጣድ ነው። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከዚያው ማከፋፈያ ላይ 2000 ዋት የውኃ ማፍያ ቢጨመር ጠቅላላው ፍሰት 25 አምፔር ይደርሳል። ሁለቱም ዕቃዎች 220 ቮልት ስለሆኑ «ኃይላቸው ልክ ነው» የተባለ ሰው፣ የማከፋፈያው ገመድ ለምን እንደጋለ አይገባውም። ቮልቴጁ ተስማምቷል፤ ያለፈው ፍሰቱ ነው። ይኸው ምጣድ ወደ አሜሪካ ተወስዶ በ120 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ ደግሞ ወደ 1040 ዋት ይወርዳል፤ ምጣዱ አይጋልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

4. በምልክቶች ላይ መደረግ ስላለበት ጥንቃቄ

ተርጓሚ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ምልክቶችንም መጠበቅ አለበት። በዓለም አቀፉ የቤት ዕቃዎች የደኅንነት ደረጃ መሠረት፣ በሁለት ቍጥሮች መካከል የሚገባው አግድም ሰረዝ «ከዚህ እስከዚያ» ማለት ነው። 100–240 ቮልት የሚል የስልክ ባትሪ መሙያ በመካከሉ ባለው በማናቸውም ቮልቴጅ ይሠራል። ያጋደለው ሰረዝ ግን «ወይም» ማለት ነው። 115/230 ቮልት የሚል ዕቃ ከመሰካቱ በፊት በአንደኛው ላይ መስተካከል አለበት። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ሰረዝ መጻፍ፣ ወይም ሁለቱንም «እና» ብሎ መተርጐም፣ አንባቢውን ለአደጋ ያጋልጣል። ሞገድ መሰሉ ምልክትም ተለዋዋጭ ፍሰትን ስለሚያመለክት እንደ ጌጥ ተቈጥሮ መዝለል አይገባም።

ከዕቃው ጀርባ ለሚጻፈው የአምራቹ ቍጥርም «የተመደበ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን፦ «የተመደበ ቮልቴጅ»፣ «የተመደበ ፍሰት»። «የሚፈጀው» ብሎ መተርጐም ለዋት እንኳ አጠራጣሪ ሲሆን፣ ለብሬከርና ለማከፋፈያ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ማከፋፈያ ይችላል እንጂ አይፈጅም።

5. የምናቀርበው ሐሳብ

«ቮልቴጅ» በውሰት ይቆይ እንላለን። ቮልት፣ አምፔርና ዋት ከቮልታ፣ ከአምፔርና ከዋት የሰው ስሞች የተወሰዱ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ስለሆኑ፣ ገዥው ከዕቃው ጀርባ የሚያነበው ፊደልና በመመሪያው የሚያገኘው ቃል ሲቀራረቡለት ይጠቅመዋል። «ግፊት» የሚለው ለማስረጃነት ያገልግል እንጂ ስያሜ አይሁን። ለአምፔር «የኤሌክትሪክ ፍሰት» ይባል፤ «ኮረንቲ» ለአነጋገር ይተው። «ኃይል» ብቻውን አይጻፍ፤ ለዋት «የኃይል መጠን»፣ ለኪሎ ዋት ሰዓት «ፍጆታ» ይባል።

ሕዝቡ «ከፍተኛ ኃይል» ማለቱን እንዲተው አንጠይቅም። ሕጉ «የጋራ ሕንፃ» ቢልም ነዋሪው «ኮንዶሚኒየም» ማለቱን አልተወም፤ ሁለቱም በየቦታቸው ይኖራሉ። የዕቃ መመሪያ ግን የንግግር ቦታ አይደለም። ተርጓሚው ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት «ኃይል» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እየለየ፣ ይህ የሚስማማ ነው፣ የማያልፍ ነው ወይስ የሚቆጠር? ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ትክክለኛውን ስያሜ ይሰጠዋል። መልስ ያጣለት ዓረፍተ ነገር ቢኖር፣ ገዥውም ሶኬቱ ፊት ቆሞ መልስ እንደሚያጣለት ይወቅ።