የሳይንስ ደራሲዎችን ያየ ተማሪ

አራዳ ተወልዶ ያደገው የእኅታችን ልጅ ስለ ሳይንስ የሚጽፉ ሰዎችን በዓይኑ ለማየት እጅግ ይመኝ ነበርና፥ ባለፈው ክረምት ወደ ሁለት ደራሲዎች ይዘነው ሄድን። እናቱ ግን «ጽሕፈት እንጀራ አይሆንም፤ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ተምሮ ቶሎ ሥራ ይግባ» ትል ስለ ነበረች፥ የወጣነው በግማሽ ፈቃድዋ ነው።

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ወርደን አንድ ቡና ቤት ገባን። ከደራሲዎቹ አንዱ ሐኪም፥ ሁለተኛው የፊዚክስ መምህር ናቸው። ልጁ ስለ ከዋክብትና ስለ መብረቅ የጻፈውን ደብተር አቀረበ። ሐኪሙ ከዳር እስከ ዳር አንብበው፥ «ልጄ፥ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው፤ አንተ በዓይንህ ያየኸው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኛም አፈርን፤ ያን ደብተር በየማታው እያነበብን ስናመሰግነው የኖርን እኛ ነንና።

መምህሩ ልጁን ለማጽናናት የማይክል ፋራዳይን ታሪክ ነገሩት። ፋራዳይ በ1791 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ፥ በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሰባት ዓመት ሥራ ተማረ፤ የሚጠርዘውንም ያነብ ነበር። ጄን ማርሴት የተባሉ ሴት ስለ ኬሚስትሪ በጭውውት መልክ የጻፉትን ባገኘ ጊዜ፥ ቃላቸውን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ በጥቃቅን ሙከራ ፈተነው እንጂ። በ1812 ሐምፍሪ ዴቪ የተባሉትን ሊቅ አራት ቀን ሲያስተምሩ ሰምቶ፥ የሰማውን ጽፎና ጠርዞ ላከላቸው። ዴቪም በመጀመሪያ ጥረዛውን እንዳይተው መከሩት፤ በ1813 ግን የቤተ ሙከራ ረዳት አድርገው አስቀጠሩት። በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማስነሣት እንደሚቻል ያሳየው ይኸው ሰው ነው። በሽምግልናውም ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ለልጆች ስድስት ጊዜ አስተማረ፤ ይህም በ1861 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ሐኪሙ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አነሡ። እርሳቸው በ1860 ዓ.ም. ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ ተወስደው ህንድ አገር አደጉ፤ በላሆርም ሕክምና ተማሩ። የተረሳቸውን አማርኛ ካደጉ በኋላ እንደ ገና አጥንተው፥ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ። (የአባቶቹን ቋንቋ እያወቀ የሚሰንፍ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?)

ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ቃል አልተናገረም። ማታ ግን ጧፍ አብርቶ ተቀመጠና ጻፈ፤ የነበልባሉ ሥር ሰማያዊ መሆኑን፥ ማንኪያ ቢይዝበት ጥቀርሻ መያዙን፥ ጧፉን አጥፍቶ በሚወጣው ነጭ ጢስ ላይ ክብሪት ቢያስጠጋ እሳቱ በጢሱ ወርዶ ጧፉን መልሶ ማብራቱን። በዳርም «ጢሱ ያልተቃጠለ ሰም ይሆን?» ሲል ጨመረ።

እናቱ ጧፍ በከንቱ አለቀ ብላ ልትቆጣ ገባች። እሳቱ በጢስ ላይ ሲወርድ ባየች ጊዜ ግን ጥቂት ቆማ፥ «እስቲ ድገመው» አለችው።