ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ የት ነው ያለው?

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2020። በብሪታንያ ደመወዛቸው ወይም የመንግሥት ድጎማቸው የገባበትን ካርድ ይዘው ለአስቤዛ የወጡ ብዙ ሰዎች ካርዱ አልሠራ አላቸው። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ አላጠፉትም፤ ግን አንዲት ሳንቲም ማንቀሳቀስ አልቻሉም። ዘመኑ ኮሮና ብዙውን ሰው ከሥራ ያስቀመጠበት እንደነበር ልብ ይሏል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የፖኪት ደንበኞች ይገኙበት ነበር። ፖኪት ባንክ አይደለም። ባንክ ፊት ለነሣቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ሂሳብና ቅድሚያ የሚሞላ ካርድ የሚያቀርብ የለንደን ኩባንያ ነው። ደንበኛው ደመወዙን በቀጥታ ያስገባል፤ ወይም ሰፈሩ ካለ ሱቅ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ካርዱን ያስሞላል። ይህን አገልግሎት ለማጥላላት አልተነሣሁም። የአድራሻ ማስረጃ በማጣት የባንክ በር የተዘጋበት ስደተኛ ዘመድ ያለው አንባቢ ጥቅሙን ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ጥፋቱ የፖኪት አልነበረም። ካርዱን የሚያወጣለት ኒውካስል ከተማ ያለ ሌላ ድርጅት ነበር፤ ስሙም ዋየርካርድ ካርድ ሶሉሽንስ ይባላል። ሌሎችም በርካታ መተግበሪያዎች በዚሁ ድርጅት ይገለገሉ ነበር። ደንበኛው ገንዘቡን በስልኩ ላይ ስሙን ለሚያየው ኩባንያ ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ አማናውን የተሸከመው ግን ሌላ ነው።

የኒውካስሉ ድርጅት ባለቤት ደግሞ ሙኒክ አጠገብ የተቋቋመው የጀርመኑ ዋየርካርድ ነበር። ይህ ኩባንያ በ2018 ታላቁን ኮሜርስባንክን አስወጥቶ ከአገሪቱ 30 ግንባር ቀደም የአክሲዮን ኩባንያዎች ተርታ የተሰለፈ ነበር። ጁን 18 ቀን 2020 ኦዲተሮቹ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ መኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳጡ ተሰማ። ገንዘቡ ፊሊፒንስ ውስጥ በሁለት ባንኮች ተቀምጧል ተብሎ ነበር፤ ሁለቱም ባንኮች “ደንበኛችን አይደለም” አሉ። ከሳምንት በኋላ ኩባንያው መክሠሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በማግሥቱ የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የደንበኞች ገንዘብ አብሮ እንዳይጠፋ በማለት የኒውካስሉን ድርጅት እንቅስቃሴ አገደ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በብሪታንያ ባንክ ሲወድቅ ለአስቀማጩ የሚከፍል የዋስትና ተቋም አለ፤ ጣሪያው በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው 85,000 ፓውንድ ነበር። ካርድ ላይ የተሞላ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ግን ይህ ዋስትና የለውም። በ2011 የወጣው ደንብ የሚያዘው፣ ካርዱን ያወጣው ድርጅት የደንበኞችን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቅል ለብቻ እንዲያስቀምጥ ወይም ኢንሹራንስ እንዲገባለት ነው። መለየቱ በትክክል ከተሠራ ገንዘቡ ይተርፋል። በኒውካስል ተርፏል፤ እገዳውም ማክሰኞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሣ።

አራት ቀን ለባለጸጋ ምንም አይደለም። ከደመወዝ ወደ ደመወዝ በሚኖር ቤት ግን የሕፃን ወተት፣ የመብራት ካርድና የቤት ኪራይ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ2024 የደረሰው ደግሞ በአራት ቀን አላበቃም። ሲናፕስ የሚባል በመተግበሪያዎችና በባንኮች መካከል ሆኖ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት በአፕሪል ወር ከሠረ። በሜይ ወር ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ማግኘት አቃታቸው። ባንኮቹ ዘንድ ያለው ገንዘብ ለደንበኞች ከሚገባው ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያንስ ፍርድ ቤት የሾመችው ባለአደራ ገለጸች። መተግበሪያዎቹ ግን ገንዘቡ በመንግሥት ዋስትና በተሰጠው ባንክ እንዳለ ሲያስተዋውቁ ኖረዋል። ዋስትናው የሚከፍለው ባንኩ ሲወድቅ ነው፤ የወደቀው ግን መሐል ያለው መዝገብ ያዥ ነበር። ይህችን ልዩነት ስንቱ ደንበኛ ያውቃት ይሆን?

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለንደን ላለች እህቴ ደወልኩ። እሷም ደመወዟን የምትቀበለው በእንዲህ ዓይነት ካርድ ነው።

“ካርድሽን ገልብጪና ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢልኝ” አልኳት።

መነጽሯን ፈልጋ አነበበችልኝ። ካርዱን ያወጣው መተግበሪያው አልነበረም።

“ይሄ ደግሞ ማነው?” አለችኝ።