ተረትና እውነታ፦ «ቅደም ተከተሉን አስተካክል፣ ሌላው በራሱ ይስተካከላል»

ተረት፦ «የሶፍትዌሩን ሞጁሎች በትክክለኛው ተራ ካስነሳሃቸው ሥርዓቱ ይሠራል።»

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ በጄኔሬተርና በሚቆራረጥ መብራት ሰርቨር የሚያሠራ ሰው የዚህን ተረት ዋጋ ከፍሎበታል። የአንድ ክሊኒክ ሥርዓት ሲጫን ይሠራል፤ ባለሙያውም አስረክቦ ይሄዳል። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ይመጣል። ሰው በሌለበት ሁሉም ባንዴ ይነሳል። በድንገት የተዘጋው ዳታቤዝ ራሱን እየመረመረ ሲዘገይ የመዝገብ ሞጁሉ ሳይጠብቀው ይነሳና ይወድቃል። ጠዋት ክሊኒኩ ካርድ የሚያወጣው በእጅ ጽሑፍ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክር ነው፦ «ሠላሳ ሰከንድ ማቆያ ጨምርበት።» አልበቃ ሲል ስልሳ ይሆናል። መረጃው ሲበዛ፣ ዲስኩ ሲያረጅ ስልሳውም አይበቃም። እንዲህ ያለውን ምክር ለጀማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች ችግሩን አይፈቱም፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ እንዲፈነዳ ቀጠሮ ይሰጡታል።

ተረቱ ከመሬት አልተነሳም። ሎግ መዝጋቢው ከሌሎቹ ቀድሞ ቢነሳ ይሻላል። የፕሮግራም መጻፊያው ኤክሊፕስ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቆመበት የጃቫ ሞጁሎች ደንብ፣ ኦኤስጂአይ፣ ራሱ «ስታርት ሌቭል» የሚባል የማስነሻ ደረጃ አለው፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ሞጁል ይቀድማል። ችግሩ ሰዎች ከዚህ ቁጥር የማይሰጠውን መጠበቃቸው ነው።

እውነታው፦ ደረጃው የሚወስነው የትኛው ሞጁል ቀድሞ «ተነስ» እንደሚባል ብቻ ነው። አንድ ሞጁል «አክቲቭ» ሆኖ ሲታይ የማስነሻ ኮዱ ያለ ስህተት ጨርሷል ማለት ነው፤ ለሌሎች የሚሰጠው አገልግሎት ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። ዝግጅቱ ከጀርባ ገና እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ጠዋት የነበረ አገልግሎት ከሰዓት በኋላ ሞጁሉ ሲታደስ ይጠፋል። የማስነሻ ተራ ስለዚያ ምንም አይናገርም።

ለገዳሪፍ ሰው ነገሩ ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያ በሸኸዲ በኩል ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ የሚደርሰው የ230 ኪሎቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ኅዳር 2006 ዓ.ም. ተመርቋል። የሁለት አገር ኔትወርክ ሲገናኝ ኦፕሬተሩ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ሱዳን ትከተል፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይተህ አገናኝ» ተብሎ አይታዘዝም። ብሬከሩን የሚዘጋው ቮልቴጁ፣ ፍሪኩዌንሲውና ፌዙ መግጠማቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሞጁልም እንዲህ መሠራት አለበት። የሚያስፈልገውን አገልግሎት በግልጽ ያሳውቅ፤ አገልግሎቱ ሲገኝ ሥራ ይጀምር፣ ሲጠፋ ያቁም፣ ሲመለስ ይቀጥል። ኦኤስጂአይ ለዚህ የሚሆነውን «ዲክላሬቲቭ ሰርቪስስ» እ.ኤ.አ. በ2005 በአራተኛው እትሙ አውጥቷል። ስለዚህ «መሣሪያ የለም» የሚባለው ሰበብ ካረጀ ቆይቷል። ሁለት ሦስት ሞጁል ብቻ ላለው ፕሮግራም ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል ወይ? እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፤ በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ የሚሞክር ኮድ ሊበቃው ይችላል።

ተረት፦ «በሊኑክስ ሲስተምዲ ‹አፍተር› ብሎ መጻፍ ይበቃል።»
እውነታ፦ «አፍተር» ተራ ብቻ ነው፤ «ሪኳየርስ» ፍላጎት ብቻ። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይጻፋሉ።

ተረት፦ «ኮንቴይነሮችን በሚያስነሳው ዶከር ኮምፖዝ ላይ ‹ዲፔንድስ ኦን› ጽፌያለሁ፤ ዳታቤዙን ይጠብቃል።»
እውነታ፦ በአጭሩ ከተጻፈ የሚጠብቀው የዳታቤዙ ኮንቴይነር እስኪነሳ ድረስ ነው። ዝግጁነቱን እንዲጠብቅ የጤና ምርመራ ጨምሩና በቅድመ ሁኔታ እሰሩት።

ተረት፦ «ሁለት ሞጁሎች የግድ ቢፈላለጉም ሥርዓቱ ይፈታዋል።»
እውነታ፦ ሁለቱም እየተጠባበቁ ሳይነሱ ይቀራሉ። የጋራውን ክፍል ወደ ሦስተኛ ሞጁል አውጡት።

ተረት፦ «ሞጁላዊ ነውና የአንዱ ውድቀት ሌላውን አይነካም።»
እውነታ፦ የኦኤስጂአይ ሞጁሎች የሚሠሩት በአንድ የጃቫ ማሽን ውስጥ ነው። አንዱ ሜሞሪውን ከጨረሰው ሁሉንም ይዞ ይወድቃል።

ሥርዓት የምታስረክቡ ባለሙያዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ዳታቤዙን አጥፍታችሁ ሌላውን ሁሉ አስነሱ፤ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ዳታቤዙን አብሩት። ሥርዓቱ ማንም ሳይነካው ሥራ ከጀመረ አስረክቡ። ካልጀመረ ሥራችሁን አልጨረሳችሁም።