ደንብ መጣስና ማጭበርበር

በደጋው አገር የገና በዓል ሲደርስ ወንዶች ሜዳ ይወጣሉ። በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ጥንጓን እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ወገን ይነዷታል። ጨዋታው ሲግል ለጥንጓ የተሰነዘረ ዱላ የሰው ቅልጥም ያገኛል። የተመታው ያነክሳል እንጂ ቂም አይዝም። በገና ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እናስብ። አንዱ ተጫዋች ጥንጓን በጋቢው ሸፍኖ ሮጠና «መትቼ አደረስኳት!» አለ እንበል። ማንንም አልመታም፤ ማንንም አላቆሰለም። ነገር ግን ሜዳው ሁሉ ይጮህበታል። እንዴ! ቅልጥም የመታው ይቅር ሲባል፣ ማንንም ያልነካው ለምን ይነቀፋል?

መልሱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ያጠፋው በሰው ፊት ነው። ጥፋቱ ይታያል፤ ቅጣት ካለውም ይቀጣል። ይህ ደንብ መጣስ ይባላል። ሁለተኛው ግን ደንብ ያከበረ መስሎ ደንብ ይጥሳል። የሚፈልገው ሌሎቹ እንዳያውቁበት ነው። ይህ ማጭበርበር ይባላል።

እንደ ካናዳ ባሉ ብርዳም አገሮች የእኛን ገና የሚመስል ጨዋታ አለ። ስሙ አይስ ሆኪ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በዱላ ይመታሉ። ተጋጣሚውን በዱላ ጠልፎ የጣለ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል። ጓደኞቹ በአንድ ሰው ጎድለው ይጫወታሉ። ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል፤ አጭበርባሪ የሚለው የለም። ሳይመታ የተመታ መስሎ የሚወድቅ ግን እሱም ይቀጣል፤ ስሙም ይጎድፋል።

በአገራችንም የደረሰ ነገር አለ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሲጋጠም ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል 2 ቢጫ ካርድ ስለነበረበት በዚያ ቀን መሰለፍ አይገባውም ነበር። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ድርጅት ፊፋ ጉዳዩን መረመረ። የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ስሕተቱን አመነ። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተፈረደ፤ ኢትዮጵያ 3 ነጥብ አጣች። ሕዝቡ አዘነ። ሆኖም ተጫዋቹ በገዛ ስሙ፣ በሁሉ ፊት ነበር የተጫወተው። ቡድኑም ቅጣቱን ተቀብሎ፣ ጳጉሜን 2 ቀን ሴንትራል አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ።

የአርጀንቲናው ማራዶና ያደረገው ግን ከዚህ ይለያል። ሰኔ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ ኳሷን በእጁ መትቶ አገባ። ዳኛው አላየም። ማራዶና በጭንቅላቱ ያገባ መስሎ ጨፈረ። ጎሉ ጸደቀ፤ አርጀንቲና 2 ለ 1 አሸነፈች። ማራዶና ታላቅ ተጫዋች ነበር። ሆኖም ከሞተ በኋላም ያ እጁ ከስሙ ጋር ይነሣል።

ይህ ነገር የጨዋታ ብቻ አይደለም። የአንዱ በሬ አምልጦ የጎረቤትን ገብስ ቢበላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሳ ይከፈላል፤ ጉርብትናው ይቀጥላል። በሌሊት የድንበር ድንጋይ የገፋ ሰውስ? የወሰደው አንድ ክንድ መሬት ቢሆንም፣ ጎረቤቱ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን ሁሉ ይጠራጠራል። መሬቱ ይመለሳል፤ መተማመኑ ግን ቶሎ አይመለስም።

እንግዲህ ስንፈርድ እንለይ። ተሳስቶ ያመነውን ሰው አጭበርባሪ ካልነው፣ ሌላ ጊዜ ጥፋቱን መደበቅ ይማራል። አጭበርባሪውንም «ተሳስቶ ነው» ብለን ካለፍነው፣ ደንብ አክባሪው ሞኝ ሆኖ ይቀራል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ደንብ መጣስና ማጭበርበር በምን ይለያያሉ?
2. በገበያ ከምናየው ሁለቱን የሚያሳይ ምሳሌ ስጡ።
3. ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይገባል? ለምን?