የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምርምርና የሕዝብ ጤና

ደብተርና እርሳስ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከደጃችን ቆመው፥ «የመጠጥ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? መጸዳጃ ቤት አላችሁን? በዚህ ወር የታመመ ልጅ አለን?» እያሉ ሲጠይቁ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ግን ይህን ተማሪው ለማዕርግ ሲል ብቻ የሚፈጽመው ግዴታ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ አንዳንዱም ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ የተማሪዎች ምርምር ለጤናችን ምን እንደሚጠቅም ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ልንገልጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ተማሪው ወደ ደጃችን ለምን ይመጣል?

በሐኪም ቤት ውስጥ ብቻ የተማረ ሰው በሽተኛውን ያውቅ ይሆናል እንጂ በሽታው የሚወለድበትን ስፍራ አያውቅም። በ1953 ዓ.ም. ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳየ። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ መካከል አስገባ፤ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም የሌሎች ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች በዚሁ መንገድ የሕዝቡን ችግር እንዲያጠኑና መፍትሔ እንዲፈልጉ አደረገ።

የእንዶድ ምሳሌ

መልካም ምርምር ከምን እንደሚነሣ ለመረዳት የእንዶድን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው የተመለሱት ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ዕንቍላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃው የሚታጠበውን ወይም የሚጫወተውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን፥ ከስፍራው ከፍ ብሎ ግን እንደዚያ አለመሆኑን አስተዋሉ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢያስጨምሩባቸው ሞቱ። ሴቶቹ እንዶድን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ሊቁ ደግሞ የቀንድ አውጣውን ጠባይ ያውቁ ነበር። አዲሱ ዕውቀት የተገኘው ሁለቱ በወንዝ ዳር በተገናኙ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሦስት ወገን ሆነ። አንደኛው ስለ ተፈጥሮ ነው፤ ይኸውም የትኛው የእንዶድ ዐይነት ኀይሉ ይበረታል የሚል ሲሆን፥ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ዐይነቶችን እያወዳደሩ አጠኑት። ሁለተኛው ስለ ጥበብ ነው፤ ፍሬው እንዴት ይዘጋጃል? በምን መጠንስ ወደ ውሃ ይጨመራል? ሦስተኛው ስለ ኅብረተሰብ ነው፤ ሕዝቡ በገዛ እጁ ሊሠራበት ይችላልን? ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሌሎቹ ፍሬ አይሰጡም። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ብዛት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ሁለቱም ሊቃውንት በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ይሁን እንጂ እንዶድ ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ የታመመውን ሰው አይፈውስም፤ ዓሣንም ይጐዳል። ስለዚህ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ወንዝ እንዳይጨምረው እናሳስባለን። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። ጤነኛውም በመጸዳጃ ቤት ይጠቀም፤ ውሃው ካልተበከለ በሽታው መንገድ ያጣልና።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ ለተማሪው እውነተኛ መልስ እንስጥ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መጸዳጃ ቤት የሌለው ሰው ዐፍሮ «አለኝ» ቢል፥ ቍጥሩ ይሳሳትና ርዳታ የሚያስፈልገው ሰፈር እንደማያስፈልገው ሆኖ ይታለፋል፤ የዚህም ዕዳ የሚከፈለው በልጆች ተቅማጥ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የተማሪውን የመታወቂያ ደብዳቤ ለማየትና የጥናቱን ዓላማ ለመጠየቅ፥ ካልፈለገም ላለመመለስ መብት አለው።

ሁለተኛ፥ የጥናቱን ውጤት እንጠይቅ። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጽሑፍ ማንንም ከበሽታ አያድንም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተማሪውን ሲያሰናብቱ፥ «ያገኘኸውን መጥተህ ንገረን» ቢሉት ተማሪውም ሥራውን በብርቱ ይይዘዋል።

ሦስተኛ፥ መምህራን ይህን ልማድ ከዝቅተኛው ክፍል ያስጀምሩ። ተማሪዎቻቸው የሰፈራቸውን የውሃ ጕድጓዶች ይቍጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ጕድጓድ እስከ ቅርቡ መጸዳጃ ቤት ያለውን ርቀት በገመድ ይለኩ፤ ከ30 ሜትር የሚያንሰውን በካርታ ላይ ያመልክቱ፤ ካርታውንም ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለወላጆች ያሳዩ። ለዚህ ሥራ ገመድ፥ ወረቀትና የአንድ ሳምንት ትጋት ይበቃል።

ዛሬ ጕድጓድ የሚለካው ልጅ ነገ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ከአንድ ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ በሩን የሚከፍትለትና እውነቱን የሚነግረው ሕዝብ እንዲያገኝ ከአሁኑ እንትጋ።